በአንድ ፓስፖርት ሁለት ሲም

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ዘበኛው ዋቅጅራ ውኃ ሊቀዳ ወደ ምድር ቤቱ ሲወርድ፣ በሊፍቱ ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ነገር አየ። የተጣለ ካፖርት መስሎት ነበር። ጠጋ ብሎ ሲያይ ፎርማኑ ደጀኔ ነው። ሰውነቱ ቀዝቅዟል።

ሕንጻው ለሚ ኩራ ውስጥ፣ ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ማዶ ገና በመሠራት ላይ ያለ ባለ ስድስት ፎቅ ነው። ኢንስፔክተር ዘርፌ ከሳጅን ሊባን ጋር ስትደርስ ሠራተኞቹ አሸዋ ክምር ላይ ተቀምጠው አዩዋት። የተነሳላት የለም። አንዱ መሬቱ ላይ እንትፍ አለና ፊቱን አዞረ።

አራተኛ ፎቅ ወጣች። የሊፍቱ በር ገና አልተገጠመም። ክፍተቱን ዘግተው የነበሩት ሦስት ጣውላዎች ተነቅለው ግድግዳው ላይ ተደግፈዋል፤ ሚስማሮቹም ሰው እንዳይረግጣቸው ጥግ ላይ ተሰብስበዋል።

«አደጋ አይመስልም» አለ ሊባን። «ሊወድቅ ያለ ሰው ሚስማር አይሰበስብም።»

«ሚስማር መሰብሰብ የፎርማን ልማድ ነው። ራሱ ሳይነቅለው አይቀርም» አለች ዘርፌ ወደ ጉድጓዱ ቁልቁል እያየች። «ለማን ብሎ ነቀለው ነው ጥያቄው።»

ሐኪሙ ረቡዕ ምሽት ከአሥራ ሁለት ተኩል በኋላ እንደወደቀ ገመተ። ወዲያው ግን አልሞተም፤ ሰው ቢደርስለት ይተርፍ ነበር። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ተገኘ። መስታወቱ ተሰነጣጥቋል እንጂ ይሠራል። ረቡዕ ዕለት ስልኩ ላይ ስም ያልተሰጠው አንድ ቁጥር ሦስት ጊዜ ደውሎለታል፤ የመጨረሻው ጥሪ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአምስት ላይ ነው። ዘርፌ ስትደውልበት ዝግ ነበር።

ወደ ዘበኛው ተመለሰች። ዋቅጅራ ስድሳ የሞላው፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው።

«ትናንት ምሽት የት ነበሩ፣ አባት?»

«እዚሁ።»

«እዚህ ከነበሩ ማን ገባ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ደጀኔ በየት ገባ?»

ሊባን በጆሮዋ፣ ፎርማኑ ዋቅጅራን ሊያባርረው ማስጠንቀቂያ እንደሰጠው፣ ማክሰኞ ዕለት አንገት ለአንገት ተያይዘው ሠራተኛው እንደገላገላቸው ነገራት።

«አንቺ ልጅ» አለ ዋቅጅራ፣ «ልታስሪኝ ከመጣሽ እሰሪኝ። የምታጣሪ መስለሽ አታድክሚኝ።»

አሰረችው።

*

ቁጥሩ የማን እንደሆነ የታወቀው አርብ ጠዋት ነው። ሊባን ወረቀቱን ይዞ ሲገባ ግራ ተጋብቶ ነበር።

«የውጭ ዜጋ ናት። ግሬስ አኬሎ፣ ኡጋንዳዊት፣ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ። እሑድ ገብታ በዚያው ቀን ቦሌ ሲም አውጥታለች። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ትበራለች።»

ቦሌ አየር ማረፊያ ደርሰው ከተሳፋሪዎች ሰልፍ አወጧት። ወፍራም፣ ቀጥ ብላ የምትሄድ፣ ባለ መነጽር ሴት ናት። የአዋላጅ ነርሶች አሠልጣኝ ነኝ አለች። ዘርፌ በእንግሊዝኛ ጠየቀቻት።

«ይህ ቁጥር የእርስዎ ነው?»

«አይደለም። የኔ ይኸውልዎ።» ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሌላ ቁጥር ነው።

«ሁለቱም የወጡት በእርስዎ ፓስፖርት ነው።»

«እኔ የገዛሁት አንድ ነው።»

«በሁለተኛው ቁጥር የተጠራ ሰው ሞቷል። ረቡዕ ምሽት የት ነበሩ?»

«ከአሥራ አራት ሠልጣኞች ጋር፣ ሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ፣ የፕላስቲክ ሕፃን ሳዋልድ። ስም ዝርዝራቸውን ልስጥዎ?» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ሠላሳ ዓመት ሰው ወደዚህ ዓለም ሳመጣ ኖሬያለሁ። በማስወጣት ስጠረጠር የመጀመሪያዬ ነው።»

«ሲሙን ሲሸጡልዎ የሆነውን አንድ በአንድ ይንገሩኝ።»

ግሬስ ትንሽ አሰበች። «ልጅቷ ፓስፖርቴን ተቀብላ ፎቶ አነሳችኝ። አሻራ ሰጠሁ። ከዚያ አልያዘም አለችኝ። መነጽርዎን ያውልቁ ብላ ደግማ አነሳችኝ፤ አሻራውንም ደገመችው። ደክሞኝ ነበር። ለልጄ በሰላም ገባሁ ብዬ መደወል ብቻ ነበር የፈለግሁት።»

ዘርፌ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ለአለቃዋ ለኮማንደር ዓለምሰገድ ደወለች።

«አውሮፕላኑ ከተነሳ ማን ይመልሳታል?» አለ ኮማንደሩ። «ፓስፖርቷን ያዢ።»

«ሴትየዋ የለችበትም። ተጨማሪ ሲም በስሟ አውጥተውባት ነው።»

«ያወጣባትን ሰው አምጪና እለቃታለሁ። ሰኞ ጠዋት ግን የሆነ ሰው ፍርድ ቤት ይቆማል። ወይ ሴትየዋ፣ ወይ ዘበኛው።»

*

ሲሙ የተሸጠባት ማራናታ ሞባይል ወደ አየር ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በሁለት የልብስ መደብሮች መሀል የተሸጎጠች ጠባብ ሱቅ ናት። ባለቤቱ አዶኒያስ ጢሙን ያሳደገ የአርባ ዓመት ሰው ነው። የዘርፌን መታወቂያ አይቶ ከወንበሩ አልተነሳም።

«የደንበኛ መረጃ ለማንም አላሳይም።»

«ማንም አይደለሁም። ደብዳቤው ይኸው። ኮምፒውተሩን ወደዚህ አዙረው።»

አዞረው። እሑድ አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ ግሬስ አኬሎ በመነጽር፤ አራት ሰዓት ከአሥራ ስድስት ላይ ግሬስ አኬሎ ያለ መነጽር። ሁለት ፎቶ፣ ሁለት ቁጥር። በሁለቱም ሥር የመዝጋቢዋ ስም ሰፍሯል፤ ፀደንያ ላጲሶ።

ፀደንያ ባንኮኒው ጥግ ቆማለች። ሃያ ስድስት ቢሆናት ነው። ፀጉሯ ወደ ኋላ ጥብቅ ብሎ ታስሯል።

«የመጀመሪያው አልያዘልኝም ነበር» አለች።

«ይዟል። እያየሁት ነው።»

«ከኔ ጀርባ ትሸጫለሽ ማለት ነው?» አላት አዶኒያስ። «ለምነሽ የገባሽበትን ሥራ እንዲህ ታዘጊኛለሽ? ንገሪያቸው፣ ለማን ሰጠሽው?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «መገናኛ ለምትሸጥ ሴትዮ። ገንዘቤ ይሏታል። ፈቃዳችሁን ያስቀማል ብዬ ፈርቼ ነው ያልተናገርኩት።»

«ረቡዕ ምሽትስ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ። የመዘገብኳቸው ሰዎች አሉ።»

አዶኒያስ ጉሮሮውን ጠረገ። «እዚሁ ነበረች» አለና የረቡዕን ዝርዝር አወጣ። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ከአሥር፣ አሥራ ሁለት ከሠላሳ ሁለት፣ አሥራ ሁለት ከሃምሳ አንድ። ሦስት መንገደኞች ተመዝግበዋል፣ ሦስቱም በፀደንያ ስም። ከቦሌ የካ አባዶ በዚያ ሰዓት በታክሲ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ዘርፌ ዝርዝሩን አሳትማ ወሰደች።

*

መገናኛ ድልድዩ ሥር ገንዘቤ የጆሮ ማዳመጫና የስልክ ሽፋን ላስቲክ ላይ ዘርግታለች። ሊባን ስሟን ሲጠራ ዕቃዋን ትሰበስብ ጀመር።

«ተቀመጪ» አለቻት ዘርፌ። «ዕቃሽን ልንወስድ አልመጣንም።»

«ትናንትም እንዲሁ ብለው ነው የወሰዱብኝ።»

«ቦሌ ሞባይል ቤት የምትሠራ ፀደንያ የምትባል ልጅ ሲም ሰጥታሻለች?»

«በሰው ስም የወጣ ሲም ነው የምትይኝ? የሚያመጡልኝ ሁለት ወንዶች ናቸው። ሴት ሸጣልኝ አታውቅም።»

«ስምሽን ከየት አመጣችው?»

«አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ቆሜያለሁ። ከዚህ ታክሲ የሚይዝ ሁሉ ስሜን ያውቀዋል። አንቺም አሁን አወቅሽው። ነገ አንዱን ስታጪ ገንዘቤ በያ።»

የብስኩት ቆርቆሮዋን ሊባን ገለበጠው። አሥራ አንድ ሲም ወጣ። የሚፈልጉት የለም። ሰው ተሰብስቦ ማጉረምረም ሲጀምር ቆርቆሮውን መልሰውላት ሄዱ።

«ልጅቷ ዋሽታናለች» አለ ሊባን መኪና ውስጥ። «ግን የረቡዕ ምሽቷ የታወቀ ነው። ለማን ብላ ነው የምትዋሸው?»



*

ቅዳሜ ጠዋት የዋቅጅራ ነገር ጠራ። ረቡዕ ከአሥራ አንድ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ሚስቱን ይዞ ጤና ጣቢያ ነበር፤ ካርዱ ላይ ሰዓቱ ተጽፏል፣ ነርሷም አወቀችው። ዘርፌ ራሷ በሩን ከፈተችለት።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ጥበቃ ጥለህ ሄድክ ብለው እንዲያባርሩኝ? ሚስቴ መድኃኒቷን የምታገኘው በዚህች ሥራ ነው።» ጫማውን እያሰረ ቀና ሳይል ቀጠለ። «ሁለት ሌሊት አሳደርሽኝ። ለደጀኔ ሲሆን እንዲህ ትሮጣላችሁ። ያ ልጅ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ሲገኝ ግማሽ ቀን እንኳን አልቆያችሁም።»

«የትኛው ልጅ?»

«ከሞተ ስምንት ወሩ ነው። ብሎኬት ተሸካሚ ነበር። ጣውላው ተነስቶ ሳለ ወደ ኋላ ሲራመድ ገባ። ደጀኔ ሰክሮ ነው አለ፣ ፈረሙለት፣ አለቀ።»

«ስሙን ያስታውሱታል?»

«እንዴት አላስታውስ። እኔ ነኝ በብርድ ልብስ ያወጣሁት። አብኔዘር። አብኔዘር ላጲሶ።»

ዘርፌ የሱቁን ዝርዝር ከመሳቢያዋ አወጣች። ፀደንያ ላጲሶ።

የልጁን መዝገብ ከማኅደር አስመጣች። አንዲት ገጽ ናት። ሟች ጠጥቶ በመውጣቱ በራሱ ጥፋት ወድቋል፤ ምስክር፣ ፎርማን ደጀኔ። የሐኪም ምርመራ የለም። ከታች የፖሊስ ፊርማ አለ፤ የማን እንደሆነ አይነበብም። በቅርብ ዘመድ ቦታ እናቱ ፈለቀችና እህቱ ፀደንያ ተጽፈዋል።

«እህቱ ናት» አለ ሊባን። «ግን በዚያ ሰዓት ቦሌ ነበረች።»

«ስሟ ነው ቦሌ የነበረው። እስቲ አሥራ ሁለት ከሠላሳ ሁለት ላይ የተመዘገበውን ሰው ፈልግልኝ።»

*

ሰውየው ኦርሃን የሚባል ቱርካዊ የክር ነጋዴ ነበር። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካለ ሆቴል ቁርሱን ሲበላ አገኙት። ፖሊስ መሆናቸውን ሲሰማ ሹካውን አስቀመጠ።

«ረቡዕ ሲም ሲያወጡ ማን ነበር የመዘገብዎት?»

«አንድ ሰውዬ። ጢማም። ፎቶ ሲያነሳኝ ሁሉ ይነጫነጭ ነበር። ልጅቷ ቀደም ብላ ስለሄደች ብቻዬን ነኝ አለኝ።»

ከዚያ ወደ ሱቁ ለመሄድ አሥር ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ፀደንያ ገና አልገባችም። አዶኒያስ የኦርሃንን ስም ሲሰማ ተቀመጠ።

«የኔ የሲም መመዝገቢያ ፈቃድ ከታገደ ሦስት ወሩ ነው» አለ። «መመዝገብ የምችለው በሷ የይለፍ ቃል ብቻ ነው። ይህ ከታወቀ ሱቁ ይዘጋል።»

«ስንት ሰዓት ሄደች?»

«ዘጠኝ ሰዓት። እናቴን አሟታል ብላ። ሰው መግደሏን በምን አውቃለሁ?»

«መግደሏን አልነገርኩህም» አለች ዘርፌ። «አንዲት እንግዳ ላልሠራችው ወንጀል ፓስፖርቷን ተቀምታ ጣቢያ ወንበር ላይ አድራለች። አንተ ለሱቅህ ብለህ ዝም አልክ።»

ፀደንያ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። ሁለቱን ፖሊሶችና የአለቃዋን ፊት አየች። አልሮጠችም። ቦርሳዋን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ እጆቿን ዘረጋች።

*

«ከሦስት መቶ ጊዜ በላይ ደውዬለታለሁ» አለች፣ ምርመራ ክፍል ውስጥ። «ቁጥሬን ዘጋው። የእናቴን ዘጋው። ሥራ ቦታው ስሄድ ፊቴን እንኳን ሳያይ በዘበኛ አስወጣኝ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነበር፤ አልጠጣም ነበር ብሎ እንዲጽፍልን። አብኔዘር ከንፈሩ መጠጥ ነክቶ አያውቅም። ቤተ ክርስቲያናችን ከበሮ መቺ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ሰዎች እናቴን የሚያጽናኗት እንዴት እንደሆነ ያውቃሉ? ለሰካራም ልጅሽ ንስሐ ግቢለት እያሉ። ቤት መዋል ጀመረች። እሑድ እሑድ መስኮቱን ዘግታ ትተኛለች።»

«ኡጋንዳዊቷን ለምን መረጥሻት?»

«አርብ እሄዳለሁ አለችኝ። ማንም አይጠይቃትም ብዬ ነው።»

«ደጀኔን በምን አመጣሽው?»

«የሕንጻ ባለቤት ነኝ አልኩት። ፎርማን እፈልጋለሁ፣ ሥራህን አሳየኝ። መጣ። ስንወጣ ማንነቴን ነገርኩት። ሳቀ። ጣውላውን ራሱ ነቅሎ፣ ወንድምሽ የገባበት ይኸውልሽ፣ እዪና ይውጣልሽ አለኝ። ስልኬ ይቀዳ ነበር። ሁሉንም አለ። እንደጨረሰ መቅዳቱን አቆምኩት። ወደ ኋላ ሲል አዳለጠው። አልነካሁትም።»

«እውነቱን እንዲናገር ብቻ ከነበረ፣ በራስሽ ስም ሌላ ሲም አታወጪም ነበር?»

ፀደንያ ጣቶቿን አየች።

«ስልኩ የት ነው?»

«እናቴ ጋ። የደጀኔን ድምፅ እንድትሰማ ሰጠኋት። ውሰዱትና ስሙት። እውነቴን ነው።»

*

ፈለቀች የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። በሩን ከፍታ በደፉ ላይ ቆመች። ግቡ አላለችም።

«እናት፣ ከፖሊስ ነን። ፀደንያ...»

«አውቃለሁ።» ጎረቤቶች በየበራቸው ብቅ ብቅ ብለዋል። ወደ ውስጥ ገብታ በነጠላ የተጠቀለለ ስልክ አመጣችና ዘርፌ እጅ ላይ አኖረችው። «ልጄ አልጠጣም ነበር። ሰውየው በአፉ ብሎታል። ይህንንም ጻፊው።»

በሩ ተዘጋ።

ዘርፌና ሊባን መኪና ውስጥ ሆነው ከፈቱት። ቅጂው ከአሥራ አንድ ደቂቃ በላይ ነበር። ደረጃ ሲወጡ የእግር ኮቴ፣ የፀደንያ ጥያቄ፣ የደጀኔ ሳቅ ይሰማል። ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ሰውየው ሰለቸው።

«አልጠጣም ነበር፣ እሺ? ጣውላውን ያስነሳሁት እኔ ነኝ፣ ብሎኬት ለማሳለፍ። መልሰው ሳይመቱት ልጁ ገባ። እና? ወረቀቱ ተፈርሟል። አሁን ምን ታደርጊያለሽ?»

እዚህ ላይ መቅዳቱን አቁሜያለሁ ብላ ነበር። ግን አልቆመም። ጨርቅ ሲታሽ ተሰማ፤ ስልኩን ኪሷ ውስጥ ከታው ኖሯል። ከዚያ የደጀኔ ድምፅ፣ ቅርብ፦ «እጅሽን አንሺ። እጅሽን አንሺ አልኩሽ።» የጫማ መንሸራተት። ከባድ ነገር ታች ሲያርፍ ጉድጓዱ ረጅም ድምፅ መለሰ።

ሊባን ሊያጠፋው እጁን ሰደደ። ዘርፌ ያዘችው።

ከሩቅ፣ ከታች፣ ሰው ይናገር ነበር። «ልጅት... ሰው ጥሪልኝ... እግሬን...» ደጋግሞ ጠራት። በመጨረሻ የፀደንያ ድምፅ መጣ፤ ሳይቸኩል፣ ሳይንቀጠቀጥ።

«አይዞህ። ሰክሮ ወደቀ ነው የሚሉት።»

ቀጥሎ ደረጃ ስትወርድ ኮቴዋ ብቻ ቀረ።

ዘርፌ ለኮማንደሩ ደወለች።

«ተገኝታለች። ሴትየዋን ዛሬውኑ ልቀቋት። አንድ ነገር ግን አለ፤ የአብኔዘር ላጲሶ መዝገብ እንደገና ይከፈታል።»

«የተዘጋ መዝገብ ነው፣ ዘርፌ። የፈረመውም የኛው ሰው ነው።»

«ለዚህ ነው የሚከፈተው። ጥያቄውን በጽሑፍ አቀርባለሁ፤ እምቢ ካልክም በጽሑፍ እምቢ በለኝ።»

ስልኩን ዘግታ ከመኪናው ወረደች።

«ወዴት ነሽ?» አላት ሊባን።

«እናትየው ሰባት ደቂቃውን ሰምታ ነው የሰጠችን። የቀረውን ሰኞ በሰው ፊት ከምትሰማው እኔ ልንገራት።»

አራት ፎቅ ወጣች። ፈለቀች በሩን ከፍታ እንደ ቀድሞው ደፉ ላይ ቆመች።

«እናት፣ ቅጂው ሰውየው ከተናገረው በኋላም ይቀጥላል። ሊያውቁት የሚገባ...»

«ምን መሰለሽ?» አለች ፈለቀች። «እስከ መጨረሻው አልሰማሁትም መሰለሽ?»

ፈለቀች የጎረቤቶቹን በሮች አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ረቡዕ ማታ ሰጥታኝ ተኛች። እኔ እስኪነጋ ስሰማው አደርኩ። ያንን ባልሰማ ኖሮ ስልኩን ይዘሽ ከዚህ ደረጃ አትወርጂም ነበር።» እጇ የበሩን እጀታ አጥብቆ ይዟል። «ወንዱን በውሸት ቀበርኩት። ሴቷን እንዲያ አላደርጋትም። መቼ ነው የማያት?»

«ሰኞ። ሦስት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት ትቀርባለች።»

«እመጣለሁ» አለችና በሩን በፊቷ ዘጋችው።